ሐጃ የሚቀመጡበት ወንበር

ካርቱም ውስጥ የመኪና ወንበር አቃጠለኝ ብሎ የሚጮህ ሰው አይቼ አላውቅም። ምኑ ይገርማል? ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ውስጥ ስትገቢ ወንበሩ ያቃጥላል፣ የቀበቶው ብረት ያቃጥላል፣ የበሩ እጀታ ያቃጥላል፤ ቢስሚላህ ብለሽ ትቀመጫለሽ፣ በቃ። ያ ሁሉ መዓት በእኔ ላይ ሲመጣ ወንበሩን የጠረጠረ ሰው ያልነበረው ለዚህ ነው። እኔም ራሴ አልጠረጠርኩም።

ነገሩ የሆነው ከጦርነቱ በፊት በነበረው የብርድ ወራት ነው። ያኔ ሐጃ የምላቸው አንድ አሮጊት ቤት ተቀጥሬ እዚያው አድር ነበር። ሐጃ ስኳር አለባቸው። ስኳሩ ከወገባቸው በታች ያለውን ቆዳ አደንዝዞታል፤ ጫማቸው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቢውል አያውቁትም። አጥንታቸው ግን መች ደነዘዘ! ጉልበታቸውንና ዳሌያቸውን ሌት ተቀን ይቆረጥማቸዋል። አንድ ልጅ አላቸው፤ ትልቅ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ሲገባ በር የሚሞላ ሰው። ኡስታዝ እለው ነበር። የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ፣ የወጣው በእሱ ስም ነው፤ ፓስፖርቴም የሚቀመጠው እሱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሐጃን በአማርኛም ሳወራ አንቱ ብዬ ነው፤ ለእሱ ግን አንቱታው ከአፌ አይወጣም፣ አፉ በሉኝ።

ሐጃ ሐሙስ ሐሙስ ዱኻን ይሞቃሉ። የሱዳን ሴቶች ወግ ነው። ግቢው ጥግ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ የግራር እንጨት እዚያ ታቀጣጥዪና በላዩ መሀሉ የተቀደደ ሰሌን ታነጥፊያለሽ። ሴትየዋ ልብሷን አውልቃ ቀዳዳው ላይ ትቀመጣለች፤ እስከ አንገቷ በወፍራም ብርድ ልብስ ትሸፈናለች፤ ጭሱና ሙቀቱ ከሥር ይመጣላታል። ሌላዋ ለገላዋ ሽታና ለባሏ ብላ ትሞቀዋለች፤ ሐጃ ግን ለጉልበታቸው ነው። ፍሙን የምመጥን እኔ፣ እንጨቱን የምጨምር እኔ፣ «ይበቃል ወይ ሐጃ?» የምል እኔ። እሳቸውማ ቆዳቸው አይነግራቸው! መልሳቸው ሁልጊዜ «ጨምሪ ያ ቢቲ፣ ጨምሪ ልጄ» ነው።

አንድ ጠዋት ገላቸውን ሳጥባቸው ግራ ጭናቸው ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ መዳፍ የሚያህል ቁስል አየሁ። ዳር ዳሩ ውሃ ቋጥሯል፣ መሀሉ ተገሽልጦ ቀልቷል። ክው አልኩ።

«ሐጃ፣ አያምዎትም?»

«ምኑ?» አሉኝ።

ያ ረቢ! ምኑ ይሉኛል እንጂ! አለባበስኳቸውና ኡስታዝን ጠራሁት። በመኪናው ይዞን ሄደ፤ እሳቸው እንደ ወትሮው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ሐኪሙ አየና «የእሳት ቃጠሎ ነው» አለ። ስኳር ላለበት ሰው እንዲህ ያለ ቁስል በቀላሉ እንደማይድን፣ ከከፋም እግር እስከማስቆረጥ እንደሚያደርስ ተናገረ። ኡስታዝ ዞሮ አየኝ። የተናገረው ቤት ስንደርስ ነው፣ የዱኻኗ ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ።

«አንቺ ነሽ የጠበስሻት። ይሄን ጉድጓድ ዛሬውኑ ድፈኚ። ቁስሉ ካልዳነ፣ ወላሂ፣ ከዚህ ቤት ወጥተሽ የምትሄጂው አገርሽ አይደለም፤ እስር ቤት ነው።»

አላደረግኩም እንዳልል፣ ምን ብዬ ልማል? ባለፈው ሐሙስ ፍሙ በዝቶ ነበር? ሰሌኑ ከወትሮው ወደ ታች ረግቦ ነበር? ሐጃ ጨምሪ ሲሉኝ ጨምሬ የለም? ነገሩን ባወጣው ባወርደው ንጹሕ ነኝ ለማለት ልቤ እሺ አላለኝም። ሰው በሐሰት ሲወነጅልሽ ቢያንስ ለራስሽ እውነቱን ታውቂዋለሽ፤ እኔ እሱንም አላገኘሁም። ጉድጓዷን አፈር ሞልቼ በእግሬ ስደመድም ሐጃ ከአልጋቸው ሆነው ያዩኝ ነበር፤ እንባቸው ይወርዳል። ያቺ ጉድጓድ ደስታቸው ነበረች።

ዱኻኑ ቀረ። ቁስሉ ግን አልዳነም፤ ይብሳል እንጂ! በየጊዜው ለማስጠረግ ወደ ሐኪም እንወስዳቸዋለን። በሄድን ቁጥር ፋሻው ሲፈታ ዳሩ ሰፍቶ ይገኛል። ሐኪሙ ግራ ተጋባ። ኡስታዝ ግን ምንም ግር አላለውም፤ ለእሱ ነገሩ ያለቀለት ነው።

«እሳቱን አስጠፋሁሽ። አሁን ደግሞ በምንድነው? በፈላ ውሃ ነው? በካውያ ነው?»

ካውያውን ወስዶ ቆለፈበት። ውሃ ሳሞቅ የቤቱ በር ላይ ቆሞ ያየኛል። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ ነው እላለሁ። ከሻ የሚሉትን የፖሊስ አፈሳማ ለምጄዋለሁ፤ ትሮጫለሽ፣ ትደበቂያለሽ፣ ብትያዢም ወረቀትሽን ታሳያለሽ። ከገዛ አሠሪሽ ቤት ግን ወዴት ትሮጫለሽ? ብጠፋ ደግሞ «አቃጥላ ጠፋች» ነው የሚባለው።

በዚህ ሁሉ መሀል ሐጃ መኪና ውስጥ ሲገቡ አንድ ነገር ይሉ ነበር። «የልጄ መኪና አጥንቴን ታስተኛዋለች» ይላሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። የእናት ነገር፣ ልጃቸውን ማመስገናቸው ነው ብዬ አልፈው ነበር። ከፊት አካባቢም የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ሽታ ይመጣል። እሱንም የሚከናነቡት ቶባቸው ውስጥ የቀረ የዱኻን ጭስ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ከሐኪም ስንመለስ ኡስታዝ መኪናውን ግቢ ውስጥ፣ ጥላው ሥር አቆመ። ተመልሶ ሥራ ሊሄድ ስለቸኮለ ሞተሩን አላጠፋም፤ እናቱን ደግፎ ወደ ውስጥ ገባ። ሐጃ ከበሩ ላይ ሆነው «ሙስባሓዬን ረሳሁት!» ብለው ጮኹ። መቁጠሪያውን ልፈልግ ሄድኩና ከወንበሩ ሥር እጄን ላሾልክ ስል መዳፌን ወንበሩ ላይ ተደገፍኩ። ሞቀኝ። ጠዋት ነው፤ የሰሜኑ ነፋስ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ መኪናው ያለው ጥላ ሥር ነው። ወደ ኋላ ዞሬ እኔ የተቀመጥኩበትን ነካሁት። ቀዝቃዛ ነው።

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ገብቼ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ደስ የሚል ሙቀት ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግራ ጭኔ ሥር አንድ ቦታ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ ብቻ፣ ፍም ላይ የተቀመጥኩ ያህል ፈጀኝ። ዘልዬ ልወርድ ስል ኡስታዝ በሩ ላይ ቆሟል።

«የእናቴ ወንበር ላይ! ማን ተቀመጪ አለሽ?»

አላህ ያሳያችሁ። ወይ ይቅርታ ብዬ ወርጄ ዝም እላለሁ፣ ወይ ለዚህ ሰው «እናትህን ያቃጠልካቸው አንተ ነህ፣ በገዛ መኪናህ» እለዋለሁ። የቱ ይሻላል? ኢቃማዬ በእጁ ነው፣ ፓስፖርቴ በእጁ ነው፣ እኔም በእጁ ነኝ። ያወጣሁት ቃል ይሄ ብቻ ነበር፦ «ኡስታዝ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ እዚህ ተቀመጥ።»

«ምን?»

«ተቀመጥ። በአላህ።»

ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም። እንደ እብድ አየኝና፣ እያሾፈብኝ ይመስለኛል፣ ሄዶ ቁጭ አለ። እጁን አጣምሮ ጠበቀ። «እና?» አለኝ። በእጄ ቆይ አልኩት። «ያላ፣ ጨዋታው በቃ» ብሎ ሊነሳ እግሩን ሲያወጣ ፊቱ ተለዋወጠ። ከዚያ «ወላሂ!» ብሎ እንደ ሕፃን ዘሎ ወጣ፤ ራሱ ከጣሪያው ጋር ተጋጨ። ወንበሩ ላይ ያለበሰውን ፀጉራም ልብስ ገፈፈው። ከሥር ያለው ቆዳ አንድ ቦታ ላይ ጠቁሮ ተሰነጣጥቋል፤ መዳፍ ያህል።

መኪናው የመጣው በረዶ ከሚጥልበት አገር ነው ለካ፣ ወንበሩ ውስጥ ማሞቂያ አለው። ካርቱም ላይ ማን ትዝ ይበለው! ኡስታዝ የተሰነጣጠቀውን የወንበሩን ቆዳ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። በመጨረሻ ያለኝ፣ «ዴም፣ እናንተ ሐበሾች ሰፈር፣ የምታውቂው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለ?» ነው።

አለ፤ የጎንደር ልጅ ነው። በማግስቱ መጣ። ባትሪውን ነቀለ፤ ወንበሩን ፈቶ ግቢው ውስጥ ገለበጠው፤ ቆዳውን የያዙትን የሽቦ ቀለበቶች እየቆረጠ ገፈፈው። ከሥሩ ቀጭን ምንጣፍ የመሰለ ነገር ወጣ፤ ቀጫጭን ሽቦ እንደ ስፌት ተጠላልፎበታል። አንድ ቦታ ላይ ሽቦው ተጨማዶ ከሰል ሆኗል። ማብሪያውም ተበላሽቶ አልጠፋ ብሏል፤ ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ወንበሩ ይግላል ማለት ነው። «ገመዱን ቆርጬ ልሸፍነው፣ ማሞቂያው ይቅር» አለ። ኡስታዝም «ቁረጠው» አለው።

ያኔ ነው ሐጃ ከበረንዳው አልጋቸው የጮኹት። «ዱኻኔን ደፈናችሁብኝ! አጥንቴን የሚያስተኛ አንድ ነገር ባገኝ እሱንም ትቆርጡብኛላችሁ? ቆዳዬ ቢሞት እኔም ሞቻለሁ እንዴ?» እያሉ አለቀሱ። ያ በር የሚሞላ ሰው እናቱ ሲያለቅሱ ማየት አይችልም። «በሌላ ለውጥላት» አለ።

ሠራተኛው አዲስ እንደማይገኝ ነገረው። ወጥቶ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከተጋጨ መኪና የተነቀለ አንድ ምንጣፍና አንድ ማብሪያ ይዞ መጣ። አስገባው፤ ቆዳውን መልሶ ወጠረው፤ አብርቶ አጥፍቶ ሞከረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዕቃውን እየሰበሰበ በአማርኛ፣ በቀስታ፣ «እህቴ፣ ዛሬ ደህና ነው። ነገ ግን አላውቅም። እኔ እናቴን አላስቀምጥበትም። ነግሬዋለሁ፣ አልሰማኝም፤ እስቲ አንቺ ንገሪው» አለኝ።

ኧረ እኔን ብሎ ተናጋሪ! ግን ነገርኩት። ኡስታዝ አሰበ። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«የአንቺ ቆዳ ደህና አይደል?» አለኝ። «እሷ ከመግባቷ በፊት አንቺ ትቀመጫለሽ። ታማም፣ ደህና ነው፣ ካልሽ እሷ ትገባለች።»

ሠራተኛው ቀና ሳይል ዕቃውን አንጠልጥሎ ወጣ።

ቁስሉ መድረቅ ጀመረ፣ አልሐምዱሊላህ። በሄድን ቁጥር እኔ ሞተሩ ተነስቶ ቀድሜ ከፊት እቀመጣለሁ። ከጎረቤት ቤት የምትሠራ የአገሬ ልጅ አይታኝ «አንቺማ እመቤት ሆነሻል፣ ከፊት ነው!» ብላ ሳቀችብኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ግራ ጭኔን ቦታው ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ታማም እላለሁ። በፊት ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነበር የእኔ የተባለው፤ አሁን ገና ሳይደርስ የእኔ ነው። መንገድ ላይ ሽቦው ቢነድ፣ ታማም ያልኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወደ ኋላ ከሄድኩም በኋላ አርፌ አልቀመጥም። መንገዱን ሁሉ በሁለቱ ወንበሮች መሀል ተንጠራርቼ፣ እጄን በሐጃ ጭንና በወንበሩ መሀል ሸጉጬ እሄዳለሁ። እጄ ይደነዝዛል፣ ወገቤ ይቆረጣል፤ አላወጣውም። ሐጃ ፍቅር ይመስላቸዋል። እጄን ከላይ እየደባበሱ «ያልወለድኳት ልጄ» ይሉኛል። እወዳቸው ነበር፣ አልዋሽም፤ ያንን እጅ እዚያ ያኖረው ግን ፍርሃት ነው።