ቅቤ የጠገበች ኳስ

ብሩክሊን ሴንተር ያለው ጋራዣችን ውስጥ አንዲት የአሜሪካን ፉትቦል ኳስ አለች። በረዶው ቀልጦ ፀሐይ በበሩ ስንጥቅ መግባት ስትጀምር መጀመሪያ የሚሞቀው የእሷ ቆዳ ነው። ያኔ ጋራዡ በሙሉ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። የመኪናው ዘይት፣ የሣር ማጨጃው ቤንዚን፣ ሁሉም ይሸነፋሉ። ባለቤቴ "ኧረ ጣላት!" ትለኛለች። መኪናውን እጥላለሁ እንጂ እሷን አልጥልም።

ነገሩ የሆነው ከአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ፣ ሪችፊልድ አፓርትመንት ስንኖር ነው። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ገና አርባ ሦስት ዓመቴ። በዚያ ዓመት ትልቁ የፍጻሜ ጨዋታ እኛው ከተማ ተደርጎ፣ ልጄ ከዚያ ወዲህ ኳርተርባክ ካልሆንኩ ብሎ ቤቱን አመሰው። ኳርተርባክ ማለት ያቺን እንቁላል የመሰለች ኳስ ይዞ ለማን እንደሚወረውር የሚያስብ ሰው ነው፤ እሱ ሲያስብ ፍሪጅ የሚያካክሉ ልጆች ሊጨፈልቁት ይመጣሉ። የእኔው አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ቁመናው እንደ አባቱ፣ ማለትም ነፋስ ሲነሳ የሚይዘው ሰው የሚያስፈልገው ዓይነት። ውርወራው ግን! የአፓርትመንቱ ፓርኪንግ ወዲያኛው ጫፍ ቆሜ ደረቴን አይስተኝም ነበር።

የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ ግን ውርወራውን ከማየቱ በፊት ሜትር አወጣ። ቁመቱን ለካና ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መዳፉን ጠረጴዛ ላይ አስዘርግቶ ከአውራ ጣቱ እስከ ትንሿ ጣቱ ለካው። ስንዝር! እኛ ሰፈር ድሮ ጨርቅ በክንድ ሲሸጥ ክንደ ረጅም ጎረቤት ለምነን ይዘን እንሄድ ነበር። አሜሪካ መጥቼ ልጄ በስንዝር ይመዘናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።

"እጁ ትንሽ ነው" አለኝ አሰልጣኙ፣ በትሕትና። "ኦክቶበር ላይ ዝናቡ ሲመጣ ኳሷ ሳሙና ነው የምትሆነው። ትንሽ እጅ አይዛትም። በወሩ መጨረሻ አንዴ ላየውና እወስናለሁ።"

ልጄ እስከ ቤት ድረስ ሁለቱን እጆቹን ጭኖቹ ሥር ደብቋቸው ነበር። አንጀቴን የበላው እሱ ነው።

ሚስቴ ስትሰማ ራሷን ያዘች። "የኔ ጉድ! አራስ ሆኜ በቅቤ ሳሸው እግሩን ስቤያለሁ፣ አፍንጫውን አቅንቻለሁ፤ ጣቶቹን ረሳኋቸው!"

"ታዲያ አሁን አልረፈደም?"

"አጥንቱ ገና ለጋ ነው። በል እሸው!"

እሷ የማታ ሺፍት ስለምትገባ እሽቱ የእኔ ሥራ ሆነ። ከሥራ እንደተመለስኩ ሶፋው ላይ አስቀምጠውና፣ ቅቤውን በመዳፌ አሙቄ የቀኝ እጁን ጣቶች አንድ በአንድ እስባለሁ። በተከፈተው መስኮት የኦገስት ወበቅ ይገባል፤ አውሮፕላኖቹ ጣሪያችንን ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም።

"ዳድ፣ ዚስ ኢዝ ሶ ዊርድ።" የጤና አይደለም ማለቱ ነው።

"ዝም በል አባቴ፣ እያደግክ ነው።"

ጓደኞቹ ከሰሙ አላስካ ድረስ እንደሚሰደድ በእንግሊዝኛው ይዝትብኛል። እጁን ግን አይስበውም።

ብርሃኑ ሳይጠፋ ለመወርወር ስለሚቸኩል፣ ሳይታጠብ ኳሷን ይዞ ወደ ፓርኪንጉ ይበራል። እኔ ተከትዬው እወጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ኳሷ እንደ ዓሣ ከእጁ እየተሙለጨለጨች የጎረቤቱን መኪና መታች፣ ዛፍ ላይ ወጣች። አንዴማ ወደ ፊት ወርውሯት ወደ ኋላ ሄደች ብል አታምኑኝም። ቀስ በቀስ ጣቶቹን ስፌቷ ላይ ሰብሰብ ማድረግ ጀመረ። እኔ ልብም አላልኩት፤ ሐሳቤ ሁሉ ርዝመቱ ላይ ነበር። በየቀኑ ጠረጴዛው ላይ እያሰነዘርኩት "ጨምሯል!" እላለሁ።

ዛሬ ልጄ አድጎ ሌላ ስቴት ነው የሚኖረው። ሲመጣ ጡጫዬን በጡጫው ነካ አድርጎ ነው ሰላም የሚለኝ።

የፈተናው ቀን ጠዋትም ታሽቶ ሄደ። ሚስቴ ማየት ስላልቻለች መኪናው ውስጥ ቀርታ መስኮቱን ዘግታ ትጸልያለች። አሰልጣኙ እንደገና ለካ። ያው ነው። ያ ሁሉ ቅቤ የፀጉር ያህል እንኳ አልጨመረም! ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ሣሩን አየሁ።

ከዚያ አሰልጣኙ ውሃ የሞላ ባልዲ አስመጥቶ ኳሶቹን ነከራቸው። "ኦክቶበርን አሁኑኑ እናያታለን" አለ። መጀመሪያ የወጣው መዳፉ አክንባሎ የሚያህል ልጅ ነበር። ኳሷ አምልጣው ከአጥሩ ወዲያ ተገኘች። ቀጣዩ ልጅ ደግሞ የገዛ እግሩን መታ። የእኔው ልጅ ተራ ደረሰና ኳሷን ከባልዲው አወጣት፤ ጣቶቹን ስፌቷ ላይ ሰበሰበ። ቅቤ የለመደ እጅ ውሃ ምን ያደርገዋል? ወረወራት። ቀጥ ብላ ሄዳ የተቀባዩ ደረት ላይ ጧ አለች! ደገመ። ሠለሰ። በመሃል ሦስት አውሮፕላን እስኪያርፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

አሰልጣኙ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። "ኳርተርባኬ አንተ ነህ" ብሎ የልጄን እጅ ጨበጠ። ከዚያ የራሱን መዳፍ አሸተተና፣ "የቅቤ ፖፕኮርን በልተሃል እንዴ?" አለው።

ሚስቴ ከመኪናው ወርዳ የተነፈሰችው እፎይታ አንድ አውሮፕላን ያስነሳ ነበር።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ፣ ሥራችን አለቀ ብዬ ቅቤውን ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩ። ልጄ መጥቶ ሶፋው ላይ አጠገቤ ተቀመጠ። ስልኩን እያየ፣ ወደ እኔ ዞር ሳይል፣ እጁን ዘረጋልኝ። ግራውን። የሚወረውረው በቀኙ ነው።

ተነስቼ ቅቤውን መልሼ አወጣሁ።