በየሥዕሉ የሚፈርስ ቤት

«አንቺ ልጅ፣ ኬብል ጠቅልይ፤ ኮምፒውተሩን ግን እንዳትነኪ።»

ሰመራ ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ሰይድ ፊት ለፊት ያሉኝ ይህን ነው። ለሠርግና ለስብሰባ ትልልቅ ስክሪን የሚያከራዩ የወሎ ሰው ናቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከአዋሽ የመጣሁ ነኝ። ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩት ፎቶ ቤት ስሠራ፣ ከስልኬ እያነበብኩ ነው። ሰርተፍኬት እንደሌለኝ ነገርኳቸው። «እሱን እኮ ነው የምልሽ» አሉ።

ሁለት ዓመት ጠቀለልኩ። ከዚያ የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራማችንን የጻፈው ልጅ ሥራ ለቀቀ።

«ኮዱን ላንብበው?» አልኳቸው።

«አንብቢው፤ ማንበብ አይሰብረው።»

ሦስት ወር አነበብኩት።

ትልቁ ሥራ የመጣው ያኔ ነው። አንድ አዲስ አዳራሽ ሲመረቅ ስለ አዋሽ ወንዝ የተሠራ ፊልም ሊታይ ሆነ፤ በድሮን የተቀረጸ፣ ፎርኬ የሚባለው፣ ከተራው ቪዲዮ ብዙ እጥፍ የሚከብድ። ማጫወቻችን ተራ ቪዲዮ ያለ ችግር ያሳያል። ይሄኛው ላይ ግን ውሃው ትንሽ ሄዶ ድርቅ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ ይዘላል።

«ወላሂ፣ ነገ ከሰዓት ሰው ፊት እንዲህ ካዋረደን ወደ አዋሽሽ ትገቢያለሽ!» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ሙቀቱ ነው ብዬ ሁለት ቬንቲሌተር ደቀንኩበት። ኬብል ቀየርኩ። ሃርድ ዲስክ ቀየርኩ። ወይ ፍንክች።

በማግስቱ ጠዋት አባባ ሁመድ ከአፋምቦ መጡ። ፊልሙን የቀረጹትን ሰዎች መንገድ የመሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ለምረቃው ተጠርተው ነው። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ምን አየሽ?»

«ተበላሽቷል።»

«እሱ ያንቺ ሐሳብ ነው። ያየሽውን ንገሪኝ። ከመጀመሪያው።»

አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር፣ ሳይዘል፣ በተራ ይናገራል። ሌላው ወሬ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ትዕግሥት የለኝም። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉልኝም።

«ፊልም በሴኮንድ ሠላሳ ሥዕል ነው» አልኩ። «አንዱ ይመጣል። ግራፊክስ ካርዱ ውስጥ ማደሪያ እሠራለታለሁ፤ ቴክስቸር እንለዋለን። ሥዕሉን ወደዚያ እልካለሁ። እስኪደርስ ቆሜ እጠብቃለሁ። ስክሪኑ ላይ ይታያል። ማደሪያውን አፈርሳለሁ። ሌላው ይመጣል፣ ማደሪያ እሠራለታለሁ...»

«ቆይ። ቤቱን ለምን አፈረስሽው? ለሚመጣው አይበቃውም?»

«ይበቃዋል። ሁሉም እኩል ናቸው።»

ሳቁ። «እኛ ዘላን እየተባልን እንኳ ቤት የምናፈርሰው ስንሄድ ነው። አንቺ እዚሁ ቁጭ ብለሽ፣ በሴኮንድ ሠላሳ ጊዜ!»

ማደሪያውን የሚያፈርሰው የኮድ መስመር ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር። ትንሽ ቪዲዮ ላይ ስለማይታወቅ አልፌዋለሁ።

ቴክስቸሩ ፊልሙ ሲከፈት አንዴ ብቻ እንዲሠራ፣ ከዚያ ይዘቱ ብቻ እንዲተካ አደረግሁ። ተሻለው፤ ግን አሁንም ያነክሳል። እስኪደርስ ቆሞ መጠበቁ ገና አልተነካማ። ሁለት ማስተላለፊያ ቦታ አዘጋጀሁ፤ አንዱ ወደ ካርዱ ሲያራግፍ ሌላው ቀጣዩን ሥዕል ይጭናል፣ ጅቡቲ መስመር ላይ እንደሚመላለሱ የጭነት መኪኖች። በመጨረሻ ቀለሙ የኮምፒውተሩ ፕሮሰሰር ሳይነካው፣ ቪዲዮው ውስጥ እንዳለ እንዲሄድና ካርዱ ራሱ ስክሪኑ ወደሚያሳየው ቀለም እንዲቀይረው አደረግሁ። ጭነቱ ከግማሽ በታች ወረደ።

አጫወትኩት።

ውሃው ሄደ። ስምንት ሚሊዮን ነጥብ፣ በሴኮንድ ሠላሳ ጊዜ፣ አንዱም ሳይዘገይ። ያደግሁበት ከተማ ሥር በገደል የሚያልፈው ወንዝ ነው። የት እንደሚደርስ አይቼ አላውቅም ነበር። ባሕር አይደርስም። ሜዳውን ሰንጥቆ፣ ሰፍቶ፣ ሐይቅ ውስጥ ዝም ይላል። አንዲት ወፍ ስትበር ጥላዋ ውሃው ላይ ተከተላት፤ አልተቆራረጠም። እኔ የጻፍኩት ነገር ይህን ያህል ወንዝ መሸከሙን ማመን አቃተኝ።

አባባ ሁመድ ተነሥተው ስክሪኑ ሥር ቆሙ። «ሱብሐነላህ» አሉ። «እዚያ ጋ ነው ግመሎቼን የማሻግረው።»

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው አንድ ነው፦ ሲበላሽባችሁ የመሰላችሁን ተዉና ያያችሁትን በተራ ለሰው ተናገሩ።

ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ፊልሙ አንዴም አልቆመም። የአዳራሹ ኃላፊ ማን እንዳስተካከለው ጠየቁ።

«ከአዲስ አበባ ኢንጂነር አስመጥቼ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ። አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዞር ብለው «በይ፣ ኬብሉን ጠቅልይ» አሉኝ።

ጠቀለልኩ። እጄ ላይ የነበረውን የመጋዘኑን ቁልፍ ጥቅሉ ላይ አስቀመጥኩና በባጃጅ መናኸሪያ ሄድኩ። የአዋሽ ሚኒባስ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር። ገባሁ።