ዜናውን ገና ያልሰማው ሰው

ይህ የገጠመኝ አብዮቱ ሊፈነዳ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀረው፣ አሰብ አስተማሪ ሳለሁ ነው። ዛሬም ካሜራ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ብቻዬን ፈገግ የምልበትም ጊዜ አለ።

ከደሴ ተመድቤ ስሄድ ገና ልጅ እግር ነበርኩ። ሲኒማ ነፍሴ ነው፤ ማየት ብቻ ሳይሆን መሥራት እመኝ ነበር። አንድ ቀን ውጭ አገር የፊልም ሥራ በዲግሪ ለመማር ነጻ የትምህርት ዕድል መውጣቱን ሰማሁ። አመልካቹ ግን ራሱ የቀረጸውን አጭር ፊልም መላክ ነበረበት። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። «ሲኒማ ቁጭ ብለው ያዩታል እንጂ ዲግሪ ይያዝበታል እንዴ?» አሉኝ። እኔ ግን ልቤ ተነስቷል።

ጎረቤታችን ጋሽ ታዬ ነዳጅ ማጣሪያው የሚሠራ መሐንዲስ ነው። የልጆቹን ልደት የሚቀርጽባት ትንሽ የእጅ ካሜራና የፊልም ማሳያ ነበረው። ካሜራዋን ከአንድ ጥቅል ፊልም ጋር አዋሰኝ። ፊልሙ ድምፅ የለውም፤ ቢበዛ ሦስት ደቂቃ ቢቀርጽ ነው። በአሰብ ሙቀት እንዳይበላሽ እሱ ቤት ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲምና ከቢራ ጋር ነበር የሚቀመጠው።

«አንቺ ልጅ፣ ሌላ ፊልም ከውጭ እስኪመጣ የማመልከቻው ጊዜ ያልፍብሻል። እንዳታባክኚው» አለኝ።

ያሰብኩት ከአሰብ በስተደቡብ ያለችው የባሕር ዳር መንደር ራሔይታ ሄጄ አንድ ዓሣ አጥማጅ የጀልባውን ሸራ ዘርግቶ ወደ ባሕር ሲወጣ ለመቅረጽ ነበር። አብሮኝ የሚያስተምረው ዑስማን የአገሩ ልጅ ነው፤ አፋርኛ ያስተረጉምልኛል። አባባ ያዮ ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር አገናኘኝና ፈቀዱልኝ። መረቡንና ጀልባዋን ትንሽ ትንሽ ቀረጽኩ። የቀረውን ፊልም ለሸራው አስቀመጥኩት።

ሸራው ሊወጣ ሲል ከሰሜን፣ ከዒድ ወደብ በኩል ግመሉን የሚጎትት መንገደኛ ብቅ አለ። አባባ ያዮ ገመዱን ለቀቁ። ሄደው ሰውየውን ጨብጠው አሸዋው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ምን ሆኑ?» አልኩት ዑስማንን።

«ዳጉ ነው። አፋር መንገደኛ ሲያገኝ ሥራውን ትቶ ወሬ ይለዋወጣል። ሲጨርሱ ይመጣሉ።»

«መቼ ነው የሚጨርሱት?»

«ሲያልቅ ነዋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ትሉ የለ እናንተ?»

ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። ያመጣን የጭነት መኪና ሳይመሽ ይመለሳል። ተናደድኩ፤ ወሬ ነገ አይደርስም እንዴ አልኩ በሆዴ።

ሳያቸው ግን ሽማግሌው ሌላ ሰው ሆነዋል። መንገደኛው ረጋ ብሎ ይናገራል፤ እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ። ጣቶቻቸው ግን አሸዋውን ጭብጥ አድርገው ይይዙና ይለቃሉ፤ ይይዙና ይለቃሉ። ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ካሜራዋን ወደ እሳቸው አዞርኩ። ፊልሙ እስኪያልቅ ከፊታቸው ላይ አላነሳኋትም።

ካሜራዋ ቀጭ ብላ ከቆመች በኋላ አባባ ያዮ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። ከዚያ እየሳቁ ተነሱ።

ዑስማንም ሁሉን ከእሳቸው ሰምቶ የነገረኝ ያኔ ነው። ልጃቸው ለንግድ ወደ ዒድ በጀልባ ሄዶ ነበር። ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ ወሬው ከጠፋ ሰንብቷል። መንገደኛው የመጣው ከዚያ በኩል ነው። ዳጉ ግን ሥርዓት አለው፤ ሰላሙ፣ ዝናቡ፣ ግጦሹ፣ የሞተው፣ የተወለደው ሁሉ በተራ ይነገራል። ተናጋሪን አቋርጦ «ልጄስ?» ማለት ነውር ነው። አባትየው ደባይሲማ የሚባለውን አገር ዝናብ ሳይቀር አዳምጠው ተራው እስኪደርስ ጠበቁ። ልጁ ደህና ነበር፤ የተሰበረ ጀልባውን እየጠገነ ነው።

ለእሳቸው ደስ አለኝ፤ ለራሴ ግን አለቀስኩ። ሸራውም የለኝ፣ ሳቁም የለኝ። የያዝኩት ድምፅ በሌለው ፊልም ላይ ወሬ የሚሰሙ ሽማግሌ ነው።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ አልልከውም ብዬ ወስኜ ነበር። አባባ ያዮ ዓሣ ሊሸጡ አሰብ መጥተው ስለነበር ጋሽ ታዬ ቤት ጠራናቸው። በጠራራ ፀሐይ መስኮት ዘጋግተን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ አንሶላ ላይ አሳየናቸው። አንሶላው ሙሉ ፊታቸው ሆነ። ያዳምጣሉ፤ ይጠብቃሉ። ድንገት ፊልሙ አለቀና አንሶላው ነጭ ሆነ።

አባባ ያዮ ተነስተው አንሶላውን በእጃቸው ነኩት። ራሳቸው መሆናቸውን አሳምረው ያውቃሉ። ወደ እኛ ዞረው በአፋርኛ ተናገሩ። ዑስማን ተረጎመልን።

«ይሄ ሰውዬ እኮ ገና አልሰማም። ልጅህ ደህና ነው በሉት እንጂ፤ ምን ዝም ትላላችሁ?»

ጋሽ ታዬ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ አየሁት።

በማግስቱ ፊልሙን እንዳለ ላክሁት። ዕድሉንም አገኘሁ፤ ተማርኩ፤ በራሴ አቅም ጥቂት ፊልሞች ሠራሁ። ታላላቅ አዳራሾች ውስጥ ሰው ሲያጨበጭብ አይቻለሁ፤ ደስ ይላል። ፊልም ውስጥ ላለ ሰው አዝኖ የምሥራች ሊነግረው የተነሳ ተመልካች ያጋጠመኝ ግን ያን ቀን ብቻ ነው። እኔን ፊልም ሠሪ ያደረገኝ ዲግሪው አይመስለኝም።