ለእናቴ ቤት ያስገባሁት ሁለተኛ መስመር

እናቴ ከመስቃን ገጠር በርበሬ እየሰበሰበች ቡታጅራ ገበያ ላይ በመሸጥ ነው እኔንና ታናሽ እህቴን ያሳደገችን። እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ከሄደች ዓመታት አልፈዋል። እኔ ወልቂጤ የኮምፒውተር ኔትወርክ አስተምር ነበር። እናቴ ልቧን አሟት አልጋ ላይ ስትውል ሥራዬን ትቼ ቡታጅራ እሷ ጋ ገባሁ። እህቴ ግን መምጣት አልቻለችም። ፓስፖርቷ አሠሪዋ እጅ ነበር፤ ብትለምናትም አልሰጠቻትም።

የምትደውለው እሑድ ከሰዓት፣ አሠሪዋ ዘመድ ጥየቃ ስትወጣ ነበር። ላፕቶፑን እናቴ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጥና እናትና ልጅ እየተያዩ ያወራሉ። ችግሩ ኢንተርኔቱ ነበር። በስልክ ገመድ የሚመጣው መስመር ነፋስ በነፈሰ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይቋረጣል።

አንድ እሑድ እህቴ ስለ ጤናዋ ስትጠይቃት እናቴ፣ "ይልቅ አንቺ ለራስሽ እወቂበት፤ እስከ መቼ ሰው ቤት?" አለቻት። ወዲያው መስመሩ ተቋረጠ። ብሞክር ብሞክር አልመለስ አለ። እናቴ የጠቆረውን ስክሪን ስታይ ቆይታ፣

"ተቀየመችኝ አይደል? ለዚህ ነው የዘጋችብኝ" አለች።

"ኧረ እማዬ፣ ኔትወርክ ነው" አልኳት።

"ተው፣ ልጄን አውቃታለሁ።"

ሳምንቱን ሙሉ በዚሁ ስትብሰለሰል ከረመች። ምግብም ቀነሰች። ያኔ ነው ሁለተኛ መስመር ለማስገባት የወሰንኩት። ሲም ካርድ የሚገባበት ዋይፋይ አመጣሁ። እሱንና የገመዱን ኢንተርኔት ሳሎን ባለው አንድ ራውተር ላይ አገናኘኋቸው፤ ገመዱ ሲቋረጥ መስመሩ በራሱ ጊዜ ወደ ሲሙ እንዲሻገር አስተካከልኩት። መብራት ሲጠፋ እንዳያስቸግር ባትሪም ጨመርኩለት።

በቀጣዩ እሑድ እህቴ እንደደወለች እናቴን፣ "አሁን ገመዱን እነቅለዋለሁ፤ ተመልከቺ" ብዬ ነቀልኩት። የእህቴ ፊት ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ተመልሶ መናገር ጀመረ። እናቴ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

"ያን ቀን ተቀይመሽኝ አልነበረም?" ብላ ጠየቀቻት።

"በምን ልቀየምሽ እማዬ? አንቺን ካላየሁ እዚህ በምን እኖራለሁ?"

ከዚያ ወዲህ ወሬ ሲያልቅባቸው እንኳ አይዘጉትም ነበር። እህቴ ስልኳን መደርደሪያ ላይ አቁማ ልብስ ትተኩሳለች፤ እናቴ ትራስ ተደግፋ ታያታለች። አንዳንዴ ብቻ፣ "ኮሌታውን ደግመሽ" ትላታለች። እህቴ ትስቅና ደግማ ትተኩሰዋለች።

አንድ እሑድ እንደዚያው ትቻቸው ሳሎን ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ እህቴ ጠራችኝ።

"ወንድሜ! ምስሉ ቆሟል፤ እማዬ አትንቀሳቀስም።"

ወደ ራውተሩ ሄድኩ። የሁለቱም መስመር መብራት አረንጓዴ ነው። "ምንም አልሆነም፤ ደህና ነው እኮ" አልኳት ካለሁበት።

"ድምፅህ ይሰማኛል። ምስሉ ነው የቆመው።" ከዚያ ቀስ ብላ፣ "መጋረጃው ግን ይንቀሳቀሳል" አለች።

ሮጬ ገባሁ። በመስኮቱ ነፋስ ይገባል፤ ከእናቴ ራስ በላይ መጋረጃው ይወዛወዛል። ዓይኗ ወደ ስክሪኑ እንደተከፈተ ነው። እጇን ያዝኩት፤ ገና አልቀዘቀዘም። እህቴ ምን ብላ እንደጮኸች ዛሬ ትዝ አይለኝም። መተኮሻው ከእጇ ሲወድቅ የተሰማው ድምፅ ግን ከጆሮዬ አልጠፋም።

ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ድንኳን ተተከለ። ማምሻውን የእድሩ ሊቀመንበር፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

"ለእህትህ እንዴት እናርግ? በስልክ እንዳትነግራት። እዚያ ያሉ የአገራችን ልጆች ተሰብስበው፣ ማልደው ያርዷት።"

"ታውቃለች አባቴ" አልኳቸው።

"ማን ቸኩሎ ነገራት?"

"ማንም አልነገራትም። አይታለች።"

ሽማግሌው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከአጠገቤ ተቀመጡ። መርዶ ሲነገር ሰው ይከባል፤ የምትወድቀውን የሚደግፍ፣ ፊቷን የሚያጥብ አለ። እህቴ ግን የባዕድ ሰው ኩሽና ውስጥ ለብቻዋ ነበረች።

በማግስቱ ቀብረን ስንመለስ፣ አሠሪዋ ለቀኑ ፈቅዳላት ደወለች። ላፕቶፑን ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ መሀል አስቀመጥኩላት። አክስታችን ስታያት ደረቷን እየመታች፣ "ወይኔ ልጄን! ማን ያቅፍሽ?" አለች። ሴቶቹ ተራ በተራ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ እያሉ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" አሏት። እስኪመሽ ድረስ አብራን ለቅሶ ተቀመጠች። መስመሩ አንዴም አልተቋረጠም።

ቆይቶ፣ "ያን ቀን ባታይ ይሻልሽ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳት።

"አይ" አለችኝ። "ብቻዋን አልሞተችም፤ እያየኋት ነው የሄደችው። ግን ከእንግዲህ በምስል አትደውልልኝ።"

አሁን የምናወራው በድምፅ ብቻ ነው። ትንሽ ዝም ካልኩ፣ "አለህ?" ትለኛለች።

"አለሁ" እላታለሁ። ትንፋሿን ሰብስባ ወሬዋን ትቀጥላለች።