ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረው ዱላ

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ይህን ነገር የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር፣ ጾም መግደፌን፣ ሰው መቆጣቴን፣ በርጫ ላይ ማምሸቴን ስናገር፣ ይህችን ግን እየዘለልኩ አልፌያታለሁ። እሳቸው "ሌላስ ልጄ?" ይሉኛል። እኔም "ሌላ የለም አባ" እላለሁ። ሌላ ነበር። ከሁሉም የሚከብደው ሌላው ነበር።

የበደልኩት በጎልፍ ዱላ ሰበብ ነው። ብትስቁ አልፈርድባችሁም፤ የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ድሬዳዋንና ጎልፍን ምን አገናኛቸው? ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የጎልፍ ዱላ እንገጣጥማለን። ዘንጉ ከውጭ ይመጣል፤ የብረት ራሱም ከውጭ ይመጣል፤ ሁለቱን በሙጫ የሚያጋቧቸው የድሬ ሴቶች ናቸው። የእኔ ሥራ መሞከር ነው። ሙጫው የደረቀለትን ዱላ ይዤ ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ሜዳ እወጣለሁ፣ ምንጣፍ ላይ ኳስ አስቀምጣለሁ፣ ደጋግሜ እመታለሁ። የዱላው አንገት ቀጭ ካለ ወደ ጠረጴዛው እመልሰዋለሁ፤ ዝም ካለ ወደ ማሸጊያ ይሄዳል። ኳስ እየመታሁ ደመወዝ እበላለሁ ብል ሰፈር ውስጥ የሚያምነኝ የለም።

ሙጫ ጠረጴዛው ላይ ሙና የምትባል ሴት ነበረች። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ግን የድሬ ልጅ ናትና አንቱ ብላት ትቆጣለች። አፏ አያርፍም፣ ትቀልዳለች፣ ትሳደባለች፣ ታንጎራጉራለች፤ ሥራዋ ግን ነቀፋ አያውቅም ነበር። የእኛ ሙቀት ሙጫውን ያታልለዋል። ላዩን ቶሎ ያደርቀውና ውስጡን ጥሬ ይተወዋል፤ ልክ በችኮላ እንደተጋገረ ዳቦ። ስለዚህ ሴቶቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። የደረቀውን ዱላ መደርደሪያው ላይ ፊቱን ወደ እኛ አድርገው ያቆሙታል። ገና ያላረፈውን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞሩታል። ወረቀት የለ፣ ምልክት የለ። ፊቱን ያዞረ ዱላ አይነካም፤ በቃ። ይህን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ሞካሪው ነው። ሞካሪው ደግሞ እኔ ነኝ።

ማኔጀራችን የውጭ ሰው ነው። እሁድ እሁድ ከመሰሎቹ ጋር የሚጫወትበት ሜዳ ከከተማው ወጣ ብሎ በዋሂል መንገድ በኩል ነበር። ሜዳ ካላችሁት ነው እንጂ አሸዋና ግራር ነው። ጉድጓዱ ያለበትን ቦታ ግሪን ይሉታል፤ አሸዋው በነፋስ እንዳይበን የተቃጠለ የመኪና ዘይት ያጠጡታል እንጂ አረንጓዴ ነገር በዓይን አይታይበትም። ግመል ኳስ አጠገብ ከቆመ ይጠበቃል፤ አይባረርም። እኔ እዚያ ዱላ ተሸክሜ እሄድ ነበር። ተሸክሜ ብቻ። እነሱ ሲመቱ አያለሁ፣ ከእነሱ እንደምሻል አውቃለሁ፣ ዝም እላለሁ። ያ ዝምታ ቀስ በቀስ ሆዴ ውስጥ ቂም ሆነ።

በአንድ ረመዳን፣ ገዢዎች ከውጭ ሊመጡ ነው ተባለ። አዲሶቹን ዱላዎች እዚያው ሜዳ ላይ ይዘው ሊሞክሯቸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ማኔጀሩ ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ ዱላዎቹ ሙሉ ሆነው ከቀረቡ ነገ አንተም ከእኛ ጋር ትጫወታለህ አለኝ። ትጫወታለህ። ያቺን ቃል ይዤ ቤቴ ስገባ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም። ለሚስቴ ሸሚዝ እንድትተኩስልኝ ነገርኳት።

እሁድ ጠዋት ዱላዎቹን ልለቅም መጋዘን ገባሁ። ረጅሙ ዱላ፣ ገዢዎቹ ከሁሉ በላይ የሚጓጉለት፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል። አየሁት። ይህን በደንብ ልናገር፤ አየሁት። አልተጠራጠርኩም፣ ጨለማ አልነበረም፣ ማንም አላጣደፈኝም። ሙና ቅዳሜ ወደ ማታ ሠርታው፣ እንዲያርፍ ብላ አዙራው ሄዳለች። አነሳሁት። በእጄ ጠመዘዝኩት፣ ጠንክሮ ተሰማኝ። ምን ይሆናል አልኩ። አንድ ኳስ እንኳን አልመታሁበትም። ሥራዬ መሞከር ሆኖ ሳለ አልሞከርኩም። ከሌሎቹ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

ለምን? ብትሉኝ መጫወት ፈልጌ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ተጫወትኩ ደግሞ። የመጀመሪያዎቹን ጉድጓዶች ከእነሱ እኩል መታሁ፤ አንዱ ገዢ አጨበጨበልኝ። ፀሐይዋ ከረረች። ቦርሳው አሸዋው ላይ ተጋድሞ እንደ ምድጃ ግሏል። ማኔጀሩ ረጅሙን ዱላ መዘዘና ለእንግዶቹ ሊያሳይ ቆመ። እኔ ያኔ እንኳን፣ ያኔ እንኳን ጊዜ ነበረኝ። ተው ማለት እችል ነበር። ዱላውን ወደ ኋላ ሲያነሳ አይቼ አፌን ዘጋሁ። የዱላው ራስ ተነቅሎ በጎን በኩል በረረና ውሃ ይዞ የቆመውን የፋብሪካችንን ሾፌር ተስፋዬን መንጋጋው ላይ መታው።

ተስፋዬ ጓደኛዬ ነው። መንጋጋው ተሰብሮ ለብዙ ጊዜ ሾርባ በቀሰም ሲጠጣ ከረመ፤ ጥርሶቹም ረገፉ። እሱ ግን ቀልደኛ ነውና "የድሬ ሾፌር ሁሉ መኪና ይፈራል፣ እኔን የጎልፍ ዱላ ገደለኝ" እያለ ሰውን ያስቃል። እኔም ከሰው ጋር አብሬ እስቃለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ራቴን መብላት ያቅተኛል።

እስካሁን የነገርኳችሁ ግን ገና በሩ ነው። የምናዘዘው የሰኞውን ነው።

ሰኞ ማኔጀሩ ሁላችንንም ሰበሰበ። ዱላውን የሠራው ማን ነው? ሙና ናት። ሙና ቆመች፤ "ወላሂ ወደ ግድግዳ አዙሬው ነው የሄድኩት" አለች። ማኔጀሩ ወደ እኔ ዞረ። ዱላውን ስታነሳ ፊቱ ወዴት ነበር? አለኝ።

ወደ እኛ ነበር አልኩ። እንደ ሌሎቹ። ሞክሬዋለሁም፣ ጠዋት በቀዝቃዛው ምንም አልነበረውም አልኩ።

ይህ ይበቃኝ ነበር። ሌባ እንኳን የሚበቃውን ይዞ ይሄዳል። እኔ ግን ጨመርኩበት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ አዛኝ ሆኜ፣ "ግን አትፍረዱባት፤ ጾመኛ ናት፣ በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ ሠርቶ ማን አይረሳም?" አልኩ። ጾመኛ ናት አልኩ። እኔ አልኩ። ይህችን ዓረፍተ ነገር ማንም ከአፌ አልጎተታትም።

ለምን ጨመርኩባት? ስዋሽ እንኳን ደግ መባል ፈልጌ ይሆን? አያቴ በባቡር ሥራ ድሬ ከገቡ ጀምሮ ጎረቤቶቻችን እስላሞች ናቸው። ልጅ ሆኜ በረመዳን አመሻሽ ላይ የእኛ በር ሳይንኳኳ የቀረበት ቀን አላስታውስም፤ እነሱ ገና ሳያፈጥሩ የእኛ ሳህን ሳምቡሳ ይሞላ ነበር። እናቴ ሰፈሩ ጾም ላይ ሆኖ ደጅ ላይ ስንበላ ካገኘችን ትቆነጥጠን ነበር። እንዲህ ያደግኩ ሰው የጎረቤቴን ጾም አንስቼ ለገመናዬ መሸፈኛ አደረግኩት። ይህን የሚያስተሰርይ ስግደት የቱ ነው?

ሙና አየችኝ። ከዚያ ዝቅ ብላ እጆቿን አየች። ወላሂ ማለቷን ተወች። ማታ በር ላይ ጠብቃኝ፣ "ዳዊት፣ አንተ ባትኖር ሆን ብላ ነው ይሉኝ ነበር አቦ። እውነትም ደክሞኝ ነበር መሰለኝ። አላህ ይስጥህ" አለችኝ። እኔም "ምንም አይደል" አልኳት። ምረቃዋን ተቀብዬ ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ ማኔጀሩ ደንብ አወጣ። ረመዳን ሲገባ ጾመኛ ሴት ሙጫ ጠረጴዛ አጠገብ አትደርስም፤ ካርቶን ታጥፋለች። ደንቡ እስከ ዛሬ አለ። ሴቶቹ በማኔጀሩ ሳይሆን በሙና ተቆጡ፤ በአንቺ የተነሳ ነው እያሉ አኮረፏት። ቀልዷን ተወች፣ ከዚያ ሥራውን ተወች። እኔ የሞካሪዎች አለቃ ሆንኩ። እሁድ እሁድ እጫወታለሁ። የዋሂሉን መንገድ ትተን በቢዮ አዋሌ በኩል ሌላ ሜዳ ጠርገናል፤ እዚያም የሚያሸንፈኝ የለም። የሚገርማችሁ ጨዋታውን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ።

ሙና አሁን ቀፊራ ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ባለፈው ሳምንት ሚስቴ ድንብላል ግዛ ብላኝ ሄጄ ነበር። ሁልጊዜ ስታየኝ ደስ ይላታል፤ እኔ ደግሞ ደስታዋን ስለምፈራው ቶሎ ገዝቼ እሄዳለሁ። ያን ቀን ግን ያዘችኝ።

"ጾሙ እየመጣ ነው አይደል? ካሁኑ ውሰድ አቦ። ከገባ በኋላ እኔ ሚዛን አልይዝም፣ ጎረቤቴ ናት የምትመዝንልኝ" አለችኝ።

ለምን አልኳት። ምን ነክቶኝ ጠየቅኩ?

"እያወቅከው? ጾም ሲይዘኝ እጄ አይታመንም። የሰው ሐቅ ብበላስ? ፈቲያንም ከልክያታለሁ። እናንተ ጋ ጠርተዋት ነበር፣ ለዚያው ለሙጫው። አትሄጂም አልኳት። እኔ ያደረግኩትን ልትደግመው?"

ፈቲያ ልጇ ናት። ያን ጊዜ ገና ተማሪ ነበረች፤ አሁን ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ የቆየች ልጅ ናት።

እኔ ለአንድ ቀን የዋሸሁ መስሎኝ ነበር። ሙና ግን ውሸቴን አምና፣ ተቀብላ፣ በየዓመቱ እየጾመች ራሷን ስትጠረጥር ኖራለች፤ አሁን ደግሞ ለልጇ ልታወርሰው ነው። ድንብላሉን እንደያዝኩ ነገርኳት። ዱላው ፊቱን አዙሮ ነበር አልኳት። አንቺ አልረሳሽም፤ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ አልገባትም። "የቱ ዱላ?" አለች። ከዚያ ገባት። አንዲት ሴትዮ መጥታ እርድ ጠየቀቻት፤ መዝና ሰጠቻት፣ መልስ ቆጥራ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ስትሄድ ስልኳን አንስታ በኦሮምኛ ልጇን አናገረቻት። የድሬ ልጅ ስለሆንኩ ሰማሁ። ሥራውን ግቢ አለቻት፤ ጾምሽንም ጹሚ አለቻት። ከዚያ ሳታየኝ፣ "እኔ እኮ በየረመዳኑ አላህን ማረኝ ስለው ነው የኖርኩት፣ ጾሜን ሰበብ አድርጌ ሰው አስጎዳሁ ብዬ" አለችኝ። የእኔን ኃጢአት ስትናዘዝልኝ ኖራለች ማለት ነው።

ይቅር በይኝ አልኳት።

"ለእኔ ነገርከኝ። ካርቶን ለሚያጥፉትስ? ለተስፋዬስ? ለእነሱ ንገርና ያኔ ና" አለች። የድንብላሉን ዋጋ ተቀበለችኝ። ሌላ ጊዜ ጨምራ የምትቆነጥርልኝን አልጨመረችልኝም።

ሰኞ እናገራለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። ሰኞ ደረሰ። ሙጫ ጠረጴዛው ፊት ቆምኩ። ሴቶቹ ሥራቸውን አቆሙ፤ ፈቲያም ከመካከላቸው ነበረች፣ አዲስ ሽርጥ አድርጋ፣ ከእናቷ ሰምታ ሁሉን እያወቀች ዓይኗን ሳትነቅል ታየኝ ነበር። "አንዴ ስሙኝ" አልኩ። ብናገር ሥራዬ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እሁዴም ይሄዳል፤ ተስፋዬም ይሄዳል። አፌን ከፈትኩና፣ "ዛሬ ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ውሃ ጠጡ" አልኳቸው። ወጣሁ።

ስለዚህ እናንተ ሆይ፣ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ሙቀቱ ነው፣ ወጣትነት ነው፣ ሰይጣን ነው አልልም። ጾሙ ሊገባ ጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ ሲገባ እነዚያ ሴቶች ከጠረጴዛው ይነሳሉ፤ ፈቲያም በመጀመሪያ ወሯ ትነሳለች። ማስቀረት የምችል እኔ ነኝ። ምሕረት የሚለምን ሰው አስቀድሞ የበደለውን ይናገራል። እኔ ገና ውሃ ጠጡ ላይ ነኝ።