እስቲ አብራውና ያልገባው ማሞቂያ

በሆስፒታሉ «እስቲ አብራው» ብለው ነው የሚጠሩት። ዕቃ ግምጃ ቤቱን ሲጠብቅ ፀጉሩ የሸበተ፣ አምፖል እንኳ በርቶ ካላየ የማይረከብ ሰው ነው። ነጋዴ ዕቃ ይዞ ሲመጣ «እስቲ አብራው» ይለዋል፤ ካልበራ ይዞ ይመለሳል። ችኮ ነው፤ እንዲህ ያለውን ችኮ ግን አያሳጣን።

አምና ጊዜያቸው ሳይደርስ ለሚወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ ተገዛ ተብሎ መጣ። ሰክቶ እጁን ውስጡ ከተተ። በአንዱ ወገን ያቃጥላል፣ በሌላው ወገን በረዶ ነው። አልረከብም አለ። የግዢ ኃላፊው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ የአንተም ድርሻ አይቀርብህም» አለው።

«እኔ መቼ ተሾምኩና» አለ እስቲ አብራው እየሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። ጨረታው እንደገና ወጣ፤ ያንን ማሞቂያ ያመጣው ነጋዴ በሚስቱ ስም ተመልሶ መጣ፤ ክርክር ተነሳ፤ ጨረታው ተሰረዘ። ደህና ማሞቂያ ያቀረበውም ሰው ጉቦ ሲጠይቁት ጥሏቸው ሄደ። ገንዘቡ ተመድቦ ሳለ የሕፃናቱ ክፍል ባዶውን ከረመ።

በዚህ መሀል የገዛ ልጁ ጊዜዋ ሳይደርስ በቀዶ ጥገና ወለደች። እሷ ገና አልነቃችም። አዋላጇ መዳፍ የምታህለውን ሕፃን ይዛ መጣች። «አባባ፣ ማሞቂያ እንደሌለን እርስዎም ያውቃሉ። ሸሚዝዎን ይክፈቱና በገላዎ ያሙቋት።»

ደረቱ ላይ ለጥፏት ተቀመጠ። ትንሿ ልቧ ስትመታ ይሰማዋል። የግዢ ኃላፊው ይህን ሰምቶ ወረቀትና ብዕር ይዞ እዚያው ድረስ መጣ።

«ያ ማሞቂያ ነጋዴው ጋ አለ። ፈርምና ዛሬውኑ ይግባ።»

አያት ነዋ፣ እንዴት አይፈተን። ብዕሩን አየ፣ ደረቱ ላይ ያለችውን ሕፃን አየ።

«እሱ ውስጥ የማንን ልጅ ላስተኛ?» አለ ቀስ ብሎ። «የእኔንም አላስተኛ፣ የሰውንም አላስተኛ።»

ኃላፊው ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። አጠገቡ የተኛችው ወላድ ግን ሁሉንም ሰምታ ኖሮ ማልቀስ ጀመረች። መንታ ነው የወለደችው፤ አንዱን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፣ ሌላው በጨርቅ ተጠቅልሎ ጎኗ ተኝቷል።

«ታዲያ ለእኛ መቼ ነው የሚመጣልን፣ አባባ?»

ምን ይበላት? የማይረባውን የመለሰው እሱ ነው፤ ደህናው እንዳይመጣ ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ጨቅላው ግን ይህን ከየት ያውቃል፤ ለእሱ ብርድ ብርድ ነው። የልጅ ልጁን ወደ ግራ ጠጋ አደረጋት፣ የሸሚዙን ቀኝ ወገን ገለጠ።

«አምጪው ልጄ፣ ያኛውን ለእኔ ስጪኝ» አላት።