ጅራቱ ያልጠቆረው አውሮፕላን

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ ቤቴ መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ ብለው፣ በሩ ላይ እንደ ቆሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የጎረቤቴ የወይንሸት ልጅ ቢንያም ደቡብ አፍሪካ ሞቷል። ወሬው ለእድሩ ደርሷል፤ እናቱ ግን አልሰማችም። ቅዳሜ ሴት ልጇ እዚሁ ዲላ ከዩኒቨርሲቲ ትመረቃለች፤ ድንኳን ተከራይታለች፣ በግ አስገዝታለች፣ ዘመድ ጠርታለች።

"ምርቃቱ ይለፍላት ብለናል" አሉ። "እሑድ ጎህ ሲቀድ እናረዳታለን። እስከዚያ እንደ ወትሮሽ ሁኚ። ፊትሽ እንዳያሳብቅ።"

እሺ አልኳቸው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ሳሎን ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ዓይኔ ቁም ሳጥኑ ላይ ወዳለችው ትንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላን ሄደ። ከመዳፌ ብዙም የማትረዝም፣ ብርማ ቀለም የተቀባች ተዋጊ ጄት ናት። የልጅ ልጆቼ እንዳይነኳት ስለምቆጣ "የአያቴ ታቦት" እያሉ ያሾፉብኛል። ያሹፉ። እንደ ወትሮ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ያወቅኩት በእሷ ሰበብ ነው፤ ያኔ ግን እኔ ካልተነገራቸው ወገን ነበርኩ።

ያመጣልኝ ታላቅ ወንድሜ መላኩ ነው። በደርግ ጊዜ ደብረ ዘይት የተዋጊ አውሮፕላን መካኒክ ነበር። አባታችን በጊዜ ስለሞተ የቤቱ ትልቅ ሰው እሱ ነው፤ እማዬ ያለ እሱ ምክር ምስማር እንኳ አታስመታም ነበር። እሷ ዲላ ገበያው ጥግ ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው በከፈቱት ሱቅ ጨርቅ ትሸጣለች። እኔ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ፤ ሥራ ሲሉኝ የምደበቅ፣ እጄ ግን የማያርፍ ልጅ።

በሐምሌ ለፈቃድ ሲመጣ ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ እየደበደበ ነበር። ከሻንጣው ትንሽ የካርቶን ሣጥን አወጣ። አንድ የውጭ አገር አሠልጣኝ ወደ አገሩ ሲመለስ የተወለት ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ከፕላስቲክ ፍሬሙ ላይ እየቆረጡ በማጣበቂያ የሚገጣጥሙት የአውሮፕላን ሞዴል ነበር። መላኩ በመኖሪያ ክፍሉ በችኮላ ገጥሞት አበላሽቶታል።

"እውነተኛውን እጠግናለሁ፤ መጫወቻው አሸነፈኝ" ብሎ ሳቀ።

ጉድለቶቹን አንድ ላይ ሆነን አየናቸው። ግራና ቀኙ ሲገጠም ሆዱ ላይ ክፍተት ቀርቷል። የአብራሪው መስታወት ማጣበቂያ ነክቶት ደብዝዟል። አንድ ጎማ ጠፍቷል፤ አፍንጫው ላይ ያለችው ቀጭን ዘንግ ተሰብራለች። የተረፈውን ፕላስቲክ ፈርፍሬ በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ባሟሟው ክፍተቱን የሚደፍን ሊጥ እንደሚሆንልኝ አሳየኝ። መስታወቱን በጥርስ ሳሙና ማሸት ነው አለኝ።

"ለመስቀል እመጣለሁ፤ እስከዚያ አሳምረሽ ጠብቂኝ። ጥላሸቱን ግን እንዳትነኪ።"

"የምን ጥላሸት?"

"የበረረ አውሮፕላን ጅራቱ ይጠቁራል። ጅራቱ ንጹሕ የሆነ ቆሞ የኖረ ነው። እሷን እኔው በጣቴ እቀባታለሁ።"

በማግስቱ እማዬ ዳቦ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራለት በጠዋቱ አውቶቡስ ሄደ።

ነሐሴን ከሱቁ ጀርባ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፈገፈግኩ። ዝናብ ሲያባራ የአቮካዶው ዛፍ ውኃውን ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት የአውሮፕላኑን ሆድ አሻለሁ። ሊጡ ደርቆ ሲፋቅ ክፍተቱ የነበረበት ቦታ ጠፋ። መስታወቱን ከእማዬ ሱቅ በለመንኩት ብጫቂ ፖፕሊን እስክሰለች አሸሁት፤ አንድ ቀን ከውስጡ ወንበሯ ወለል ብላ ታየችኝ። ለወንበሯ ከጆንያ ክር መዝዤ ቀበቶ ሠራሁላት።

ጎረቤት ግን አልወደደኝም። ግድግዳ የሚጋሩን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሁሴን የማስለቀቂያው ሽታ በመጣ ቁጥር "ይህች ልጅ ሰፈሩን ልታነደው ነው!" እያሉ ለእማዬ ይከሱኛል። በሞያሌው መንገድ ዳር የጭነት መኪና የሚቀባው በራሶም፣ ጠብታ ብርማ ቀለም ብለምነው ከግቢው አባረረኝ። በራሶ የኮቸሬ ሰው ነው። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ስለሆነ በአማርኛው ሴትና ወንድ ይደባለቅበታል። "ሂድ ከዚህ! ቀለም ለአሻንጉሊት አይደለም!" ነበር ያለኝ።

መስከረም ሲጠባ ሰዉ ሁሉ ተለወጠ። ጋሽ ሁሴን ራሳቸው ጠርተው የአዝራር ቆርቆሯቸውን ፊቴ ዘረገፉ። ጥቁር የካፖርት አዝራር መረጥኩ፤ ልኩ የጠፋው ጎማ ነው። ለአፍንጫዋ ዘንግ ደግሞ ከውጭ የመጣ ረጅም መርፌያቸውን ሰጡኝ፤ ያንን መርፌ ለገዛ ሚስታቸው እንኳ አያውሱም ነበር።

"ጋሽ ሁሴን፣ ምነው ዛሬ እንዲህ ደግ ሆኑ?" አልኳቸው።

አንገታቸውን የስፌት መኪናው ላይ ደፍተው መስፋት ጀመሩ። ቀና አላሉም።

በራሶም ከመንገድ ጠራኝ። "አምጣ እስቲ አውሮፕላኑን" አለ። መስታወቱን በወረቀት ሸፍኖ፣ የጭነት መኪና የሚቀባበትን መርጫ አሳንሶ፣ ትንፋሹን ይዞ ቀባልኝ። ሲጨርስ በሁለት እጁ አቀፋት። "በጣም ቆንጆ ነው። ወንድምህ..." ብሎ ተወው። እኔ ቀለሙን እያየሁ ስለነበር ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሄደ አልጠየቅኩም።

ሥራዬ አምሮ ሰፈሩ ያከበረኝ መስሎኝ ነበር። ትምህርት ቤት አርፍጄ ስገባ መምህሩ አልተቆጣኝም፤ ያንንም የአውሮፕላኗ ዝና ነው አልኩ። ለእማዬም ገበያተኞቹ ጎመኑን እያበዙ፣ ሙዙን እየመረቁ ይሰጧታል። "ሰዉ ዘንድሮ ምን ነካው?" አለች አንድ ማታ እግሯን እየታጠበች። "ደግ ሆኗል እኮ። ዘመኑ ሊያምር ነው መሰለኝ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። የመላኩ የሥራ ባልደረባ የሆነ የይርጋ ጨፌ ልጅ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ዲላ ደርሶ፣ ወንድሜ ሰሜን ግዳጅ ላይ እንደሞተ ለጋሽ ሁሴን ነግሯቸው አልፏል። እሳቸው ለሽማግሌዎቹ ነገሩ። ሽማግሌዎቹም መከሩ፤ እናቲቱ ለመስቀል እየተዘጋጀች ነው፣ ዓውደ ዓመቱ ይለፍላት አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ የማናውቀው እማዬና እኔ ብቻ ነበርን።

መስቀል ደረሰ። አውሮፕላኗን አጥቤ አድርቄ መላኩ በሚቀመጥበት በኩል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ለጅራቷ ከኩራዙ ብርጭቆ የፋቅኩትን ጥላሸት በጠርሙስ ክዳን አድርጌ አጠገቧ አኖርኩ። መላኩ አልመጣም። እማዬ "ግዳጅ ይዞት ነው፤ ነገ ይደርሳል" ብላ ክትፎውን ከፍላ ድርሻውን ከደነችለት። ጎረቤቱ አንድም ሳይቀር መጣ። በራሶ አጎንብሶ በላ። ጋሽ ሁሴን የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ እማዬ እንደ ልማዷ ለብቻ ቆጮ፣ አይብና ጎመን አቅርባላቸው ነበር። ጠቅልላ "በመላኩ ሞት!" ብላ አጎረሰቻቸው። ዋጡ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ሚጥሚጣው ነው" አሉ። አይቡ ላይ ሚጥሚጣ አልነበረም።

በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እማዬ መላኩ ነው ብላ በባዶ እግሯ ሮጠች። ስትከፍት ሰፈሩ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም ቃል ሳይናገር ጮኸች። ያንን ጩኸት አልጽፈውም።

አስከሬን አልመጣም፤ በፎቶግራፉ ላይ አለቀስን። ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ እማዬ ከእግዚአብሔር ጋር ሳይሆን ከጋሽ ሁሴን ጋር ተጣላች። "ከእጄ ጎርሷል እኮ" ትለኝ ነበር ድንገት፣ ጨርቅ እየለካች። "እያወቀ። በሞቱ ምዬ ሳጎርሰው ዋጠ እኮ።" እሳቸው አልተከራከሯትም። በየጠዋቱ የሱቃችንን ከባድ የእንጨት መዝጊያ እየመጡ ይከፍቱልናል፤ እሷ ፊቷን ታዞራለች። ቡናው ቀልቶ መንገዱ በለቃሚ እስኪሞላ እንዲህ ቆየን። አንድ ቀን መዝጊያውን ከፍተው ሊሄዱ ሲሉ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አደረገችላቸው። ተቀመጡ። ሻይ ቀዳሁላቸው።

እኔ ብዙ ተናደድኩ። አዝራሩንና መርፌውን ነቅዬ ፊታቸው ልወረውርላቸው አስቤ ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ጣቴን ጥላሸቱ ውስጥ ነክሬ ወደ ጅራቷ አስጠጋሁ። አቃተኝ። የእሱ ሥራ ነበር። ወንድሜ ናፍቆኝ፣ ጣቴ እንደጠቆረ በረንዳው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ካደግኩ፣ አስተማሪም ከሆንኩ በኋላ በእድር ስብሰባ ይህ ልማድ በተነሣ ቁጥር እከራከር ነበር። ሰው ስለ ገዛ ልጁ ከሰፈሩ ሁሉ በኋላ መስማት የለበትም እል ነበር። አሁንም እንደዚያ ይመስለኛል። ግን እማዬ ከዚያ በኋላ ብዙ መስቀሎችን አየች፤ የሳቀችበት የመጨረሻው ያ ነው። እነሱ ጨክነው ባይደብቋት ኖሮ ያ መስቀልም አይኖራትም ነበር። ይህን ሳስብ ንዴቴ ይሟሟብኛል፤ ሐዘኑ ብቻ ይቀራል። ማክሰኞ ዕለትም ለዳኛው ክርክር ሳልገጥም እሺ ያልኩት ለዚህ ይሆናል።

ረቡዕ ጠዋት ወይንሸት መጣች፤ ትልቁን ድስቴን ልትዋስ። ፀጉሯን ተሠርታለች። "ቢንያም ስልኩን ዘግቶብኛል" አለች እየሳቀች። "ሥራ በዝቶበት ነው። ቅዳሜ ግን በቪዲዮ ያየናል፣ እህቱ በጥቁር ጋዋን!"

ድስቱን ሰጠኋት። ሰፊውን ትሪ ጨመርኩላት። ለማንም አውሼው የማላውቀውን ጥልፍ የጠረጴዛ ልብስም አወጣሁ።

"ውይ እትዬ ሰናይት!" አለች። "ምነው ዛሬ እንዲህ ደግ ሆኑ?"

ብርጭቆም ልጨምርልሽ ብዬ ፊቴን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞርኩ። አውሮፕላኗ ዓይኔ ትይዩ ነበረች፣ ጅራቷ ንጹሕ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ማውጣት ጀመርኩ፤ ቶሎ እንዳያልቁብኝ፣ ቀስ ብዬ።